ሃያ አምስትን በአራት ማባዛት ማን ከለከለ?

በአገራችን ብዙ ነገር ይከለከላል። ሣር መርገጥ ይከለከላል፤ አጥር ሥር መሽናት ይከለከላል፤ አንዳንድ ቦታ ፎቶግራፍ ማንሳትም ይከለከላል። ክልከላዎቹ ይጣሙም አይጣሙም ምክንያት አያጡም። 25ን አስቀድሞ በ4 ማባዛት የተከለከለበትን ምክንያት ግን እስከ ዛሬ አጥጋቢ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም። ክልከላው በአዋጅ አልተነገረም፤ በነጋሪት ጋዜጣም አልወጣም። የሚታወጀው በቀይ እስክሪብቶ፣ በልጆቻችን ደብተር ላይ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልነሳ።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ስለ ድሬ ሲወራ የከዚራ ዛፎችና የመጋላ ግርግር ይነሳሉ እንጂ ሳቢያን ብዙም አይነሳም። ሳቢያን ሰው ኑሮውን የሚገፋበት፣ ቤት የሚሠራበት፣ ልጅ የሚያሳድግበት ሰፈር ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ውሃ ከሚሳብባቸው የጉድጓድ ቦታዎች አንዱም እዚሁ ነው። እዚህ ሰፈር ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የምትማር የእህቴ ልጅ አለች። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለምና።

ለልጅቷ የቀረበላት ጥያቄ «25 × 17 × 4 ስንት ነው?» የሚል ነበር። እሷም 25ን በ4 አባዝታ 100 አገኘች፤ 100ን በ17 አባዝታ 1700 ብላ ጻፈች። ሁለት መስመር ብቻ፤ ስርዝ የለው፣ ድልዝ የለው። በላዩ ላይ ግን ትልቅ ቀይ ኤክስ ተጋድሞበታል። ሄጄ ጠየቅሁ። መምህሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና «ጋሼ፣ መልሱስ ልክ ነው፤ ያስተማርኩት መንገድ ግን ይህ አይደለም። ከግራ ወደ ቀኝ በቅደም ተከተል ነው የሚባዛው። ሁሉም እንደፈለገው ከሠራ ክፍሉን እንዴት እይዘዋለሁ?» አለኝ።

አንባቢ ልብ ይበልልኝ። መልሱ ልክ ነው ተባለ። የተሠራበት መንገድም ሐሰት ነው አልተባለም። የቀረበው ምክንያት ክፍል ስለመያዝ ነው። እንግዲህ ልጅቷ ነጥብ ያጣችው በሂሳብ ሳይሆን በሥነ ሥርዓት ነው ማለት ነው። ታዲያ የሂሳብ ደብተር ላይ ምን ይሠራል?

እኔ የምቃወመው መምህሩን አይደለም። እሱም ሲማር እንዲሁ ተደርጎበታል። የምቃወመው፣ ሂሳብ ማለት በታዘዙት መንገድ መሄድ ነው፤ ትክክለኛ መልስ የሚገኘው ከታዛዥነት ነው የሚለውን እምነት ነው። የማባዛት ሕግ ራሱ የሚናገረው ተቃራኒውን ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። የሚባዙት ቁጥሮች ሦስትም ይሁኑ ሠላሳ፣ ቦታ ቢለዋወጡ፣ እንደተፈለገ ቢቧደኑ፣ ውጤቱ ንቅንቅ አይልም። ለማመን የሚቸገር ካለ ሳቢያን ይምጣና ቤት ከሚሠራበት ግቢ ይግባ። አራት እኩል ግድግዳ ያለው ቤት ነው እንበል። እያንዳንዱ ግድግዳ በአንድ ረድፍ 25 ብሎኬት ይወስዳል፤ ከፍታው 12 ረድፍ ነው። በሩንና መስኮቱን ለጊዜው እንተወው። ስንት ብሎኬት ይገዛ?

በተማሪ ቤቱ መንገድ ከተሄደ 25 በ12 ተባዝቶ 300 ይሆናል፤ ይህ የአንዱ ግድግዳ ነው። በ4 ሲባዛ 1200። ግንበኛው ግን እንዲህ አይልም። የመሠረቱን ዙሪያ አንዴ በዓይኑ ይዞርና «ዙሩ መቶ፤ አሥራ ሁለት ዙር፤ ሺ ሁለት መቶ» ብሎ ይጨርሳል። ያ የተከለከለው 25 በ4 ማለት ይኸው ነው። ሦስተኛም መንገድ አለ። አራቱን ግድግዳ በ12 አባዝቶ 48 ረድፍ፣ በያንዳንዱ ረድፍ 25 ብሎኬት ብሎ ቢያሰላ አሁንም 1200 ያገኛል። አንዱ ቤቱን በግድግዳ ቆጠረው፤ አንዱ በዙር፤ አንዱ በረድፍ። ሦስቱም የሚያዩት ያንኑ ቤት ነው። የግንበኛው ደብተር ላይ ኤክስ የሚያደርግ አለ?

ሦስት ቁጥሮች በ6 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊሰለፉ ይችላሉ። አምስት ቁጥሮች በ120 ዓይነት። ከ120 መንገዶች 119ኙን ዘግቶ አንዷን ብቻ መክፈት ማስተማር ነው ወይስ ኬላ መጠበቅ?

ደግሞ የሳቢያን ልጅ ማን እንደሆነ ይታወቅ። ቤት ውስጥ በአንድ ቋንቋ ተናግሮ፣ ሱቅ ሲላክ በሌላ ይገዛል፤ ኳስ ሲጫወት በሦስተኛው ይሟገታል። በከተማችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም ይሰጣል። አንዱን ነገር በሦስት መንገድ መናገር ከእናቱ ጡት ጋር የጠባውን ይህን ልጅ፣ ሦስት ቁጥር ሲሰጠው በአንድ መንገድ ብቻ ሂድ ማለት የተፈጥሮ ሀብቱን መቀማት ነው።

«ይህ የፈረንጅ አስተሳሰብ ነው፤ የእኛ አገር ትምህርት በሥርዓት የታነጸ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው የአገሩን ትምህርት አላየውም ማለት ነው።

ባሕረ ሐሳብን እንይ። የዘመን ቆጠራችንና የአጽዋማትና በዓላት ማውጫችን ነው፤ ትውፊቱ ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ከድሜጥሮስ ጋር ያያይዘዋል። መሠረቱ ሦስት ቁጥሮች ናቸው። የሳምንቱ ዕለታት 7፣ ከወንጌላዊ እስከ ወንጌላዊ የሚዞሩት ዓመታት 4፣ የጨረቃና የፀሐይ ሂሳብ የሚታረቅባቸው ዓመታት 19። ሊቃውንቱ 7ን በ4 አባዝተው 28 አሉ፤ ስሙንም ዐውደ ፀሐይ አሉት። 19ን በ4 አባዝተው 76 አሉ፤ ዐውደ ማኅተም ብለው ሰየሙት። ከዚያም በዓላቱ በየዕለታቸውና በየቀናቸው ተመልሰው የሚገጥሙበትን ትልቁን ዙር፣ ዐውደ ቀመርን፣ 532 ዓመት አሉት።

አሁን እስቲ ይሰላ። 28 በ19፣ 532። 76 በ7፣ 532። አንደኛው አስቀድሞ 7ንና 4ን አጣመረ፤ ሁለተኛው 4ንና 19ን አስቀደመ። ሁለቱም ስም አላቸው፤ ሁለቱም ይማራሉ፤ አንዱ ሌላውን አልኮነነም። አባቶቻችን ሦስት ቁጥሮችን በተለያየ መንገድ ማጣመር እንደሚቻል ማወቅ ብቻ ሳይሆን ለየጥምሩ ስም አውጥተውለታል። እኛ ቀይ ኤክስ አወጣንለት!

የግዕዝ ቁጥራችንም ይህንኑ ይመሰክራል። ፫፻ ብለን ስንጽፍ ሦስትና መቶን እያባዛን ነው። ፲፱፻ ሲባል አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መቶ ነው። እልፍ የምንላት ፼ መቶ ጊዜ መቶ ናት፤ በፊቷ ፻ ሲጨመርባት፣ ፻፼፣ መቶ ጊዜ መቶ ጊዜ መቶ ሆና ሚሊዮን ትሞላለች። በየቀን መቁጠሪያው ግርጌ ብዜት ተጽፎ ይኖራል፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

ከቤተ ክህነት ወጥተን ወደ ጎረቤት እንሻገር። በሰፈሬ ያሉ አንድ ሐጂ ነጋዴ ዘካቸውን ሲያወጡ አይቻለሁ። የገንዘብ ዘካ ከ40 አንድ ነው። ሐጂ ለ40 አያካፍሉም። 840,000 ብር ከሆነ አንድ ዜሮ ያነሱና 84,000 ይላሉ፤ የዚያን ሩብ ወስደው 21,000 ይላሉ። አንድ አሥረኛና አንድ አራተኛ ሲባዙ አንድ አርባኛ መሆናቸውን ያውቃሉና ቀላሉን ያስቀድማሉ። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ እናትም አለች። ኪሎውን 36 ብር ብላ 15 ኪሎ ስትሸጥ ስሌቷ እንዲህ ነው፤ 36ን ለሁለት ትከፍላለች፣ 15ን እጥፍ ታደርጋለች፣ 18 ጊዜ 30 ትልና 540 ትቀበላለች። ከ36 ውስጥ 2ን አውጥታ ለ15 ሰጠቻት። ብዜቱ ምን ጎደለበት? ምንም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልንገራችሁ። ይህ አንዱን እያጋመሱ ሌላውን እጥፍ እያደረጉ ማባዛት በምዕራባውያን አንዳንድ የሂሳብ መጻሕፍት ውስጥ «የኢትዮጵያውያን ማባዛት» ተብሎ ይጠራል። ገበሬና ነጋዴ ጉድጓድ ምሰው ጠጠር እየጣሉ ሲያሰሉ የሚያሳይ ተረትም ይነገርለታል። ሌሎች ደግሞ የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት ይሉታል። እጥፍ እያደረጉ ማባዛት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ ግብፃዊው ጸሐፊ አሕሜስ በገለበጠውና ዛሬ በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም በሚገኘው ፓፒረስ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። በዚያው ፓፒረስ ላይ 7 ቤት፣ በየቤቱ 7 ድመት፣ ለየድመቷ 7 አይጥ፣ እያለ ሰባትን አምስት ጊዜ በራሱ እያባዛ 16,807 የሚደርስ ስሌትም አለ።

በየአጋጣሚው «ማባዛትን ለዓለም ያስተማርን እኛ ነን» የሚል ወገን ሞልቷል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። የስሙ ባለቤት ማንም ይሁን ማን፣ ዘዴው የቆመበትን ምክንያት ልጆቻችን ያውቁታል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው። 25 በ16 እና 50 በ8 እና 100 በ4 አንድ የሆኑት 16 ውስጥ ያሉት ሁለቶች ተነስተው ወደ 25 ስለሄዱ ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ የሚባዙ ቁጥሮች እንደልብ መጣመር ስለሚችሉ ነው። ይህን ነፃነት በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዙ በ«ኢትዮጵያውያን ማባዛት» መኩራራት፣ እርሻውን ሸጦ በሞፈሩ እንደመመካት ነው።

ተቃዋሚዎቼ የሚያነሷቸውን ሦስት ነገሮች ላንሳ።

አንደኛው «ልጅ ነፃነት ከተሰጠው ማካፈልና መቀነስ ላይም እንደፈለገው ይሆናል» የሚል ነው። ስጋቱ እውነትነት አለው። 24 ለ6፣ ከዚያ ለ2 ቢካፈል 2 ይሆናል፤ 6ን አስቀድመን ለ2 ብናካፍልና 24ን ለውጤቱ ብናካፍል ግን 8 ይሆናል። ማካፈል እንደ ማባዛት ለቀቅ ያለ አይደለም። ነገር ግን ልጅ ይህን ልዩነት የሚያውቀው ሁለቱንም ሲሞክር ነው። ሁሉም ነገር ከግራ ወደ ቀኝ ነው ተብሎ ያደገ ልጅ፣ ማባዛት ላይ ለምን እንደሚቻል፣ ማካፈል ላይ ለምን እንደማይቻል በምን ይለየዋል? የነፃነትን ወሰን የሚያውቅ ነፃነቱን ያየ ነው።

ሁለተኛው መምህሩ ያነሳው ነው፤ ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፤ የያንዳንዱን መንገድ ማን መርምሮ ይዘልቀዋል? መምህራኖቻችን የሚሸከሙትን አውቃለሁ፤ ደመወዛቸውንም አውቃለሁ። ነገር ግን የእህቴ ልጅ የሠራችው ሁለት መስመር ነው። ሁለት መስመር ለማንበብ የሚወስደው ጊዜ ኤክስ ለማስመር ከሚወስደው አይበልጥም። ችግሩ የጊዜ ከሆነ አቋራጩ ለመምህሩም ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

ሦስተኛው የዘመኑ መልስ ነው። «ሞባይል እያለ ምን አስጨነቀህ?» ይሉኛል። ሞባይል የነካንለትን ያባዛል፤ ያሰብነውን አያባዛም። በግቢው የውሃ ማጠራቀሚያ ሊያስቆፍር የተነሳ ሰው፣ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 1.6፣ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ሆኖ ሳለ ነጥቧን ዘሎ 25 ቢነካ ስልኩ ያለ አንዳች እፍረት 160 ሜትር ኩብ ይለዋል። 4 በ2.5 አሥር መሆኑን፣ አሥሩም በ1.6 አሥራ ስድስት መሆኑን በዓይኑ ያየ ሰው ግን አይታለልም። 16 ሜትር ኩብ 16,000 ሊትር ነው፤ በሃያ ሊትር ጀሪካን 800 ጀሪካን። የሚቆፍረውም ሆነ የሚገነባው ሒሳቡን የሚጠይቀው በዚያ መጠን ነው። ነጥቧ የምታስከፍለው አሥር እጥፍ ነው።

የማባዣ ሰንጠረዥ በቃል አይጠና ያልኩ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። በደብተር ጀርባ የሚታተመው ያ ሰንጠረዥ ውኃ እንደሚጠጣ ይጠና! ሰባት ስምንት ሃምሳ ስድስት መሆኑን ለማሰብ የሚቆም ልጅ ሩቅ አይሄድም። ነገር ግን ተቆልሎ የተቀመጠ ብሎኬት ቤት አይባልም። ሰንጠረዡን ያጠና ልጅ ቀጥሎ መልመድ ያለበት ቁጥሮቹን ከማባዛቱ በፊት ማየት ነው። 38 × 94 × 0 × 26 × 7 ሲሰጠው ከግራ የሚጀምር ልጅ 3572ን ለማግኘት ይለፋል። ቀና ብሎ ያየ ልጅ ዜሮዋ ጋ ይደርስና ይስቃል። የዚያችን ሳቅ ዋጋ የሚያውቅ አስተማሪ ነው አስተማሪ የሚባለው።

«ለአንዲት ኤክስ ይህን ያህል?» የሚለኝ ይኖራል። አዎን፣ ይህን ያህል። ምክንያቱም ብዙ ቁጥሮችን አከታትሎ ማባዛት የተማሪ ቤት ጨዋታ አይደለም፤ ኑሯችን ራሱ በዚያ ነው የሚሄደው። አንድ ኩንታል እህል ከገበሬው እጅ ወጥቶ በአምስት ነጋዴ እጅ ይለፍ፤ እያንዳንዱ 10 ከመቶ ብቻ ይጨምር። 100 ብር የነበረው ስንት ሆኖ ይደርሰናል? አብዛኛው ሰው 150 ይላል። መልሱ 161 ነው፤ 1.1 አምስት ጊዜ በራሱ እየተባዛ ነውና። አሥራ አንዷን ብር የሚከፍለው ማባዛትን እንደ ድምር የሚያስብ ገዢ ነው። የብድር ወለድም፣ የኑሮ ውድነትም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ይኸው ሕግ ወደ ታችም ይሠራል። አንድ ልጅ በየዓመቱ ከተማረው 9 አሥረኛውን ብቻ ለቀጣዩ ክፍል ይዞ ይሻገር እንበል። መጥፎ አይመስልም፤ ከመቶ ዘጠና ነው። ግን 0.9 አሥራ ሁለት ጊዜ ሲባዛ 0.28 ገደማ ነው። ከመቶው በእጁ የሚቀረው 28 ነው ማለት ነው። ይህ የኔ ምሳሌ ነው፤ የሚከተለው ግን የአገሪቱ ሒሳብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። ያን ጊዜ አገር ጮኸ፤ ፈታኙ ተወቀሰ፣ ተማሪው ተሰደበ። እንዲህ ያለ ውድቀት ግን በአንድ ቀን አይመጣም። ከታች ከአራተኛና ከአምስተኛ ክፍል እየተባዛ የሚመጣ ነው። በየክፍሉ «አስቢ» ሳይሆን «ታዘዢ» የተባለች ልጅ፣ 12ኛ ክፍል ስትደርስ ያልታዘዘችውን ጥያቄ እንዴት ትመልስ? ፈተናው ከግራ ጀምሪ የሚል ሰው አብሮ አይልክላትም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም። መምህራን ሆይ፣ መልሱ ልክ ከሆነና መንገዱ ከተጻፈ፣ መንገዱ የእናንተ ባይሆንም ነጥቡን ስጡ። አሠራሩ ካጠራጠራችሁ ልጁን «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ያን ጊዜ ክፍሉን ሁሉ ታስተምሩበታላችሁ። መጽሐፍ የምታዘጋጁና ፈተና የምታወጡ ሆይ፣ «በሁለት መንገድ ሠርተህ አሳይ» የሚል ጥያቄ አስገቡ፤ በተማሪው እጅ ያለው አንድ መንገድ ብቻ ከሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። ወላጆች ሆይ፣ ደብተር ስታዩ ስንት ራይት፣ ስንት ኤክስ ብላችሁ ብቻ አትቁጠሩ። ኤክሱ የተደረገው በስህተት ላይ ነው ወይስ በሐሳብ ላይ? ለዩ። በሐሳብ ላይ ከሆነ እንደኔ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ በጨዋ ደንብ ጠይቁ፤ ግን ጠይቁ።

በዚህ የማይስማማ መምህር፣ የትምህርት ባለሙያ ወይም ወላጅ ካለ ብዕሩን ያንሳ፤ የመጽሔቱ ገጽ ለእሱም ክፍት ነው። አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይምጣ። 25 በ4 አስቀድሞ ሲባዛ፣ ከዚያ በ17 ሲባዛ፣ ከ1700 ላይ የሚጎድለውን አንዲት ሳንቲም ያሳየን። ያን ካሳየን ቀዩን እስክሪብቶ እኔው ገዝቼ እሰጠዋለሁ።